84 በመቶ አምጥቼ የወደቅኩበት የጥያቄ ባንክ

ይሄን የምጽፈው ለአርክቴክትነት ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጃችሁ «የትኛውን መለማመጃ ልግዛ?» ለምትሉ ነው። እኔ አንዱን የጥያቄ ባንክ፣ ማለትም የመለማመጃ ጥያቄዎች ስብስብ፣ ገዝቼ አምስት ወር ተጠቅሜበታለሁ። በወር 60 ዶላር፣ በጠቅላላው 360 ዶላር ከፍያለሁ። አምስት ጊዜ 60 ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ስድስተኛው 60 ከየት እንደመጣ በኋላ እመለስበታለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ጠቡ የግሌ ነው፤ ደግሞም በነፃ የሙከራ ጊዜያቸው የነካካኋቸው ሌሎች ሁለት ባንኮች የታመሙት በዚያው በሽታ ስለሆነ፣ አንዱን ጠርቼ ሌሎቹን ማስመለጥ አልፈልግም።

ፈተናው ኤአርኢ 5.0 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አርክቴክት ተብሎ ለመጠራት የሚታለፈው። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በዚህ መልኩ ይሰጣል፣ ስድስት ክፍል አለው። አጭሩ ፕራክቲስ ማኔጅመንት (የሙያ ቢሮ አስተዳደር) ሲሆን 65 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ረጃጅሞቹ ሁለቱ የዲዛይንና የድሮዊንግ ክፍሎች 100፣ 100 ጥያቄ በ4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ናቸው። እኔ ስፈተን ለእያንዳንዱ ክፍል 235 ዶላር ከፍያለሁ። የወደቀ ሰው ያንኑ ክፍል እንደገና ለመውሰድ 60 ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ መውደቅ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ሰው ለመለማመጃ ጥያቄ ዶላሩን የሚበትነውም ለዚህ ነው።

እኔ በሜትር የተማርኩ ሰው ነኝ። 41 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ድሮዊንግ ስሠራ እውላለሁ። የማጠናው ልጆቹ ሳይነሱ ወይም ከተኙ በኋላ ነው። መጽሐፍ ገልጬ ሦስት ገጽ ሳልሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ጥያቄ ሲሆን ግን እነቃለሁ። ባንኩን የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስልክ ላይ ስለሚሠራም ነው።

አቀራረቡን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ከ1,000 በላይ ጥያቄ አለው፣ በስድስቱ ክፍል ተከፋፍሏል፣ ቶሎ ይከፈታል፣ የት እንዳቆማችሁ አይረሳም። መልስ ስትሰጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያበራል። ከላይ በኩል አንድ ትልቅ ክብ አለ፣ በመካከሉ በመቶኛ ውጤታችሁ ተጽፏል። ያ ክብ ነው ጉድ የሠራኝ።

በሰባት ሳምንት ውስጥ የፕራክቲስ ማኔጅመንት ክቤ 84 ደረሰ። ሄጄ ተፈተንኩ። ስጨርስ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጊዜያዊ ውጤት መውደቄን ነገረኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

«ስንት አመጣሽ?»

«ወድቄያለሁ።»

«84 አልነበርሽ እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያ 84 ከየት እንደመጣ ቁጭ ብዬ ቆፈርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

አንደኛ፣ ክቡ የሚቆጥረው እያንዳንዱን ጥያቄ ለመጨረሻ ጊዜ ስትመልሱ ያገኛችሁትን ብቻ ነው። እኔ ጥያቄዎቹን ሦስት ዙር ሠርቻቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር 58 ነበርኩ፣ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር። በሦስተኛው ዙር ጥያቄውን አላነብም ነበር ማለት ይቻላል። «ስለ ሽርክና የሚያወራው ረጅሙ፣ መልሱ ሦስተኛው» እያልኩ በመልኩ ነበር የማውቀው። የሰፈር ሰው በአረማመዱ እንደሚታወቅ።

ሁለተኛው ይብሳል። ፈተናው ውስጥ ከብዙ አማራጮች ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ትክክለኛ የሚመረጥበት ዓይነት ጥያቄ አለ። ስንት መምረጥ እንዳለባችሁ ይነገራችኋል፤ ከአራቱ ሦስቱን አግኝታችሁ አንዱን ከሳታችሁ ግን የምታገኙት ዜሮ ነው፣ ከፊል ነጥብ የሚባል የለም። ባንኩ ግን በተቃራኒው ስንት እንደሚመረጥ አይናገርም፣ ላገኛችሁት ደግሞ ከፊል ነጥብ ይሰጣል። ሳላውቀው በየጥያቄው ግማሽ ግማሽ ነጥብ እየለቀምኩ ነበር።

ሦስተኛው የጥያቄው ዓይነት ነው። የፈተናውን ጥያቄ ለማንም እንዳንናገር ስምምነት ተቀብለን ነው የምንገባው፣ ስለዚህ እዚህ የምጠቅሰው ሁሉ ከባንኩ ወይም ከራሴ የሆነ ነው። ግን ኤንካርብ፣ ማለትም ፈተናውን የሚያዘጋጀው የየስቴቱ የምዝገባ ቦርዶች ማኅበር፣ በመመሪያው ላይ ጥያቄዎቹን በሁለት እርከን እንደሚከፍላቸው በግልጽ ጽፏል፤ መረዳትና መተግበር አንዱ ነው፣ መተንተንና መመዘን ሌላው። ባንኩ ውስጥ የፕራክቲስ ማኔጅመንት ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ «የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ምንድን ነው?» ዓይነት ነበሩ። ትርጉም ነው የሚጠይቁት። ትርጉም የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ደንበኛ «ሥራው ፍጹም እንከን የለሽ ይሆናል ብላችሁ ውል ውስጥ ጻፉልኝ» ሲል ያ ዓረፍተ ነገር ኢንሹራንሱን ምን እንደሚያደርገው ላያውቅ ይችላል። መተንተን የሚባለው ያ ነው።

ቢሮአችን ውስጥ ፈቃዱን ድሮ ያገኙ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው የተፈተኑት ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ከመዛወሩ በፊት ነው፣ ከ1997 በፊት፣ በእጅ እየተሳለ። መውደቄን ስነግራቸው አላዘኑልኝም። ስልኬን ተቀብለው አንድ ጥያቄ አነበቡና «መልሱ የትኛው ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እሺ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን ተሳሳቱ?» ዝም አልኩ። «አንቺ ልጅ፣ እነዚህን ሦስቱን የጻፋቸው ሰው እኮ ዝም ብሎ አልጻፋቸውም» ብለው ስልኬን መለሱልኝና ወደ ስብሰባቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባንኩን የምመዝንበት ሚዛን ተለወጠ። ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ።

አንድ የስብሰባ አዳራሽ አለ፣ ጠረጴዛና ወንበር የሚደረደርበት፣ የተጣራ ስፋቱ 1,800 ስኩዌር ጫማ። ሁለት መውጫ በር አለው። በሕንፃ ኮዱ መሠረት ለአንድ ሰው 15 ስኩዌር ጫማ ይያዛል፣ ለበር ደግሞ በአንድ ሰው 0.2 ኢንች ይታሰባል። የእያንዳንዱ በር ዝቅተኛ ክሊር ዊድዝ፣ ማለትም በሩ ተከፍቶ ሰው የሚያልፍበት የተጣራ ስፋት፣ ስንት ኢንች ነው? አማራጮቹ 12፣ 24፣ 32 እና 36 ናቸው።

የባንኩ መልስ 32 ነው፤ ትክክል ነው። ማብራሪያው ግን አንድ መስመር ነች፦ «የኮዱ ዝቅተኛ መጠን 32 ኢንች ነው።» አለቀ። እኔ በመጀመሪያው ዙር 36 ብዬ ተሳስቻለሁ፣ በሁለተኛው 32 ብዬ አግኝቻለሁ፣ በሁለቱም መካከል የተማርኩት ነገር አልነበረም።

አሁን የጋሼን ጥያቄ እንጠይቀው። 1,800 ለ15 ሲካፈል 120 ሰው ነው። 120 በ0.2 ሲባዛ 24 ይመጣል። እንግዲህ 24ን የሚመርጠው ሰው ስሌቱን አሳምሮ ይችላል፣ ግን ሰዎቹ በሁለት በር እንደሚከፈሉ ረስቷል። 12ን የሚመርጠው ይበልጥ ጎበዝ ነው፤ 120ን ለሁለት ከፍሎ፣ 60ን በ0.2 አባዝቶ 12 አግኝቷል። የረሳው ነገር በ12 ኢንች በር ሰው እንደማያልፍ ነው፤ ኮዱ ስሌቱ ምንም ቢል ከ32 በታች አትውረድ ይላል። 36ን የሚመርጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ለምን 36 አልኩ? ሁለት ምክንያት አገኘሁ። አንደኛው፣ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ የሆነ የመተላለፊያ መንገድ 36 ኢንች እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የመንገዱን ቁጥር ለበሩ ሰጠሁት። ሁለተኛው ልምድ ነው። ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የምስለው በር ሦስት ጫማ ነው፣ 36 ኢንች። የምስለው ግን የበሩን ክንፍ ነው። ክንፉ 90 ዲግሪ ተከፍቶ፣ የራሱ ውፍረትና ማቆሚያው ተቀንሶ የሚተርፈው ነው 32ን የሚያሟላው። ስንት ዓመት ያንን በር ስስል ለምን 36 እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ የተሳሳተ አማራጭ ነው የነገረኝ።

ይሄንን ሁሉ ባንኩ አልጻፈውም። እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት፣ 40 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። 60 ዶላር የምከፍለው ለእነዚህ 40 ደቂቃዎች መስሎኝ ነበር።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን ባንኩ የረታኝን ጥያቄም ልንገራችሁ። ኮንትራክተሩ «ሥራው በመሠረቱ ተጠናቋል» ብሎ ያስባል። ቀጥሎ የሚቀሩና የሚስተካከሉ ሥራዎችን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ማን ነው? እኔ ያለ ማመንታት «አርክቴክቱ» አልኩ። በሕይወቴ ስንት ጊዜ ታብሌት ይዤ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ የተጫረ ግድግዳና የጎደለ የሶኬት ክዳን መዝግቤያለሁ! ቀይ አበራብኝ። ተናድጄ ማብራሪያውን ከፈትኩት፤ ይሄኛው በሚገባ የተጻፈ ነበር። የኤአይኤን፣ ማለትም የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበርን፣ የውል አጠቃላይ ሁኔታዎች፣ ኤ201፣ አንቀጽ 9.8.2ን ይጠቅሳል፤ ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ለአርክቴክቱ የሚያቀርበው ኮንትራክተሩ ነው። አርክቴክቱ ያንን ተቀብሎ ነው ለማየት የሚሄደው፣ ሲያምንበት ነው የመሠረታዊ መጠናቀቅ ሰርተፊኬት የሚሰጠው፣ የአንድ ዓመቱ የማስተካከያ ጊዜም መቆጠር የሚጀምረው መሠረታዊ መጠናቀቁ ከተደረሰበት ቀን ነው። በማግስቱ ቢሮ ሄጄ ጋሼን ጠየቅኳቸው። ሳቁና «እኛ የኮንትራክተሩን ሥራ በነፃ እየሠራንለት ነው» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ብቻ የአንድ ወሩን ገንዘብ ይቅር ብያለሁ።

ይሄ ዓይነቱ ጥያቄ፣ የቢሮ ልማድና የውሉ ቃል የሚጋጩበት፣ ባንኩ ውስጥ በጣም ጥሩው ነው። በተለይ ከሌላ አገር ልምድ ይዘን ለመጣን። ሳይት ላይ ቆሜ «ይሄን በዚህ በኩል ደግፉት» ማለት የለመድኩ ሰው፣ የአሠራር ዘዴው ሙሉ በሙሉ የኮንትራክተሩ እንደሆነ፣ እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ኃላፊነቱን ወደራሴ እየሳብኩ እንደሆነ ለመቀበል ብዙ ቀይ መብራት አስፈልጎኛል።

ችግሩ እነዚህን በደንብ የሚያውቅ ሰው የጻፋቸው ጥያቄዎች ከሌሎች አሮጌዎች ጋር መቀላቀላቸው ነው። ኮንትራክተሩ ሲቆፍር በድሮዊንጉ ላይ ያልነበረ ነገር ቢያጋጥመው በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት? ባንኩ 21 ይላል። 21 የ2007ቱ ኤ201 ነው። በ2017ቱ እትም፣ ፈተናው በሚጠቀምበት፣ 14 ሆኗል። የይገባኛል ጥያቄ (ክሌይም) ማስታወቂያ ግን በ2017ቱም 21 ቀን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች በጭንቅላታችሁ ውስጥ ቦታ እንዲለዋወጡ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ያንን ጥያቄ ሦስት ዙር ሠርቼ ሦስቴም «በትክክል» መልሻለሁ። በአረንጓዴ መብራት ስህተት አጠናሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀን ወይም ቁጥር ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ውሉን ገልጬ ካላመሳከርኩ አላምንም፤ ይሄ ደግሞ ስልክ ላይ፣ ልጅ እያስተኙ፣ አይቻልም። ስልክ ላይ ይሠራል ብዬ የገዛሁት ነገር ከጠረጴዛ አልላቀቅ አለኝ።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች የሚያደክመው ሙያዊው ቃል አይደለም፣ እሱንማ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። የሚያደክሙት ትንንሾቹ ናቸው፦ «በመጀመሪያ ምን ያደርጋል»፣ «ከሁሉ የተሻለው»፣ «በይበልጥ የሚጎዳው»። አራቱም አማራጮች አርክቴክቱ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ሆነው፣ አንዷ ብቻ «በመጀመሪያ» የምትሆንበት ጥያቄ ሞልቷል። እኛ ግሡን እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ በትዕግሥት የምንጠብቅ ሕዝብ ነን፤ ታሪኩን ሁሉ በጥሞና አንብቤ መጨረሻ ላይ ስደርስ የተጠየቅኩት ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። አሁን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አነባለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ላይ የምመለሰው። ባንኩ ለዚህ ልምምድ ጥሩ ነው፣ ጥያቄዎቹ በቂ ታሪክ ሲኖራቸው። የትርጉም ጥያቄዎቹ ግን ታሪክ ስለሌላቸው አንብቦ የማጣራትን ጉልበት አያሳድጉም።

ወደ ነፃው ልምጣ። ኤንካርብ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሙሉ መለማመጃ ፈተና አዘጋጅቷል፣ በራሳችሁ የኤንካርብ መዝገብ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ሳንቲም አይከፈልበትም። የጥያቄው ብዛት፣ ሰዓቱ፣ ስክሪኑ እንደ ዋናው ነው። እኔ መኖሩን እያወቅኩ «አንድ ብቻ ስለሆነ ለመጨረሻ ላቆየው» ብዬ እንደ በዓል ልብስ ሰቅዬው ነበር፣ ሳልለብሰው ወደቅኩ። ከወደቅኩ በኋላ ቅዳሜ ማለዳ በር ዘግቼ ተቀመጥኩበት። ምንም ወረቀትና እርሳስ ሳልይዝ፤ ምክንያቱም እኔ ስፈተን ፈተናው ላይ የሚሰጠው ስክሪን ላይ ያለ ሰሌዳና ካልኩሌተር ነበር። በማውዝ 7 ጫማ ከ10 ኢንችን መደመር ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በወረቀት ሁለት መስመር የሆነው ነገር እዚያ እንደ ሕፃን ሥዕል ይንጋደዳል። ደግሞ ኬዝ ስተዲው አለ፤ ብዙ ሰነድ ተያይዞ፣ ውል፣ ፕላን፣ የኮድ ሠንጠረዥ፣ የትኛው ውስጥ መልሱ እንዳለ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ። ባንኩ «ኬዝ ስተዲ» የሚለው አንድ ገጽ ታሪክና አምስት ጥያቄ ነው፤ የሚፈለግ ሰነድ የለም፣ የሚፈተሽ ነገር የለም።

ነፃው ላይ ያገኘሁት ከሚያሳፍረው የመጀመሪያ ዙር ውጤቴ ብዙ የራቀ አልነበረም። ማለትም 58ቱ እውነቱን ሲናገር 84ቱ ሲዋሸኝ ነበር። የነፃው ጉድለት አንድ ነው፤ ለየክፍሉ አንድ ብቻ መሆኑ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሠሩት ጥያቄዎቹ የታወቁ ይሆናሉ፣ ያው የባንኩ በሽታ ይይዛችኋል። ስለዚህ ማጥናት ስትጀምሩ ሳይሆን ቀን ከመያዛችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩት።

60 ቀኑ አልፎ ፕራክቲስ ማኔጅመንትን ደግሜ ወሰድኩ፣ አለፍኩ። ከዚያ ፕሮጀክት ማኔጅመንትና ኮንስትራክሽን ኤንድ ኢቫሉዌሽንን በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ። በሁለቱም ባንኩን ተጠቅሜያለሁ፣ ግን በሌላ መልኩ፤ በቀን ስምንት ጥያቄ ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ፣ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ አንድ መስመር ደብተር ላይ እየጻፍኩ። ክቡን ላለማየት ስልኩ ላይ የላይኛውን ጫፍ በቢጫ ወረቀት ሸፈንኩት። ልጄ «እማዬ ስልክሽ ታመመ?» አለችኝ።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሁለት ተኩል። ለኮንትራትና ለግንባታ ክትትል ክፍሎች ሦስት ተኩል፣ ምክንያቱም ጥሩዎቹ ጥያቄዎች እዚያ ነው የተሰበሰቡት። ለዲዛይኖቹ ሁለት ረጃጅም ክፍሎች አንድ ተኩል፤ ሥዕሎቹ ደብዛዛ ናቸው፣ ኮንቱር መስመር (የመሬቱን ከፍታ የሚያሳየው) ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ ማንበብ አይቻልም፣ ሥዕሉ ላይ ቦታውን በመንካት የሚመለሰው የጥያቄ ዓይነት ደግሞ ጭራሽ የለም። ከፈተናው በፊት የኤአይኤ ውሎችን አንድ ጊዜ እንኳ ያላነበበ ሰው አይግዛው፤ ያረጀውን ካላረጀው የሚለይበት ነገር አይኖረውም። ውሎቹን አንብቦ የሚከራከርበት ሰው ያጣ ግን ለሁለት ወር ቢገዛው አይጎዳም። ሁለት ወር አልኩ፣ ሁለት።

ስለ ስድስተኛው 60። ደንበኝነቱ በራሱ ይታደሳል። ማቋረጫው ስልኩ ላይ የለም፣ በኮምፒውተር ገብታችሁ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ትሄዳላችሁ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላችኋል፣ ከዚያ ኢሜይል ይልካል፣ ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ካልተጫናችሁት አልተቋረጠም። እኔ አልተጫንኩትም። ስጠይቃቸው መመሪያቸውን ጠቅሰው መለሱልኝ፣ ገንዘቡን ግን አልመለሱም።

የደንበኛ አገልግሎታቸው ግን ሰው አለው፣ ማሽን አይደለም። የ21 ቀኑን ስህተት አንቀጹን ጠቅሼ ስጽፍላቸው በሳምንቱ 14 ብለው አስተካክለው አመስግነውኛል። በዚህ ተበረታትቼ ሌላ ጻፍኩ። ይሄኛው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ የአንድ ቢሮ ኦቨርሄድ ሬት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የደመወዝ ዶላር የሚወጣው ሌላ የቢሮ ወጪ፣ 1.5 ነው፣ የሠራተኛው የሰዓት ደመወዝ 40 ዶላር ነው፣ ቢሮው 20 በመቶ ትርፍ ይፈልጋል፤ ደንበኛውን በሰዓት ስንት ያስከፍል? ቁጥሩን ራሳችሁ ነው የምትጽፉት፣ አማራጭ የለም።

ኦቨርሄዱ 40 በ1.5፣ 60 ይሆናል። ከደመወዙ ጋር 100፤ በዚህ ዋጋ ቢሮው አይከስርም አያተርፍም። እስከዚህ ሁላችንም አንድ ነን። ባንኩ ከዚህ በኋላ 100ን በ1.2 ያባዛና 120 ይላል። እኔ 125 ብዬ ነበር። አለቃዬ ትርፍ ሲል ከገባው ገንዘብ ውስጥ የቀረውን ነው፤ በየሩብ ዓመቱ ስብሰባ የማየው ሠንጠረዥ እንደዚያ ነው የሚለው። ከ120 ውስጥ 20 ዶላር 16.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ125 ውስጥ 25 ዶላር ግን ልክ 20 በመቶ ነው። 100ን ለ0.8 ማካፈል ነው እንጂ በ1.2 ማባዛት አይደለም። የባንኩም አካሄድ እብደት አይደለም፤ ትርፉ በወጪው ላይ የሚታሰብ ከሆነ 120 ትክክል ነው። ግን ጥያቄው በምን ላይ እንደሚታሰብ አልተናገረም፣ ባዶ ሳጥን ሰጥቶ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል። «ከወጪው» ወይም «ከጠቅላላ ክፍያው» የምትል አንድ ቃል ጨምሩበት ብዬ፣ ሁለቱንም ስሌት አስቀምጬ ላክሁላቸው።

በማግስቱ መልስ መጣ። አስተያየቴን እንደሚያከብሩ፣ ለይዘት ክፍላቸው እንዳስተላለፉት ነገሩኝ። ከአራት ወር በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ደንበኝነት የገዛች አንዲት ጓደኛዬ ያንኑ ጥያቄ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ይሄ ነገር 125 አይደለም እንዴ?» ትላለች። ከስሩ በአረንጓዴ 120 ተጽፏል።